ጠመኔ፣ ዳስተር እና ሽማግሌዎቹ

አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ክፍል ሲገባ ምን ምን ያስፈልገዋል ብትሉኝ፣ ድሮ ቢሆን ጣቴን እያጠፍኩ እነግራችሁ ነበር። ጠመኔ፤ ነጩም ባለ ቀለሙም። ዳስተር። የእንጨት ማስመሪያ። እንደ እኔ ሒሳብ ለሚያስተምር ደግሞ በአንድ እግሩ ጠመኔ የሚሰካበት ትልቁ የእንጨት ኮምፓስ። ቀይ እስክሪብቶ። ነጭ ጋዋን። ጠመኔ ጣት ስለሚያደርቅ በኪስ የምትያዝ ትንሽ ቫዝሊን። እነዚህን በአንዲት ያረጀች ዘንቢል ይዤ፣ ከመካኒሳ ታክሲ ተሳፍሬ ጀሞ አጠገብ ወዳለው ትምህርት ቤታችን ስሄድ የጎደለኝ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ድምፄን ከነዚህ ጋር ቆጥሬው አላውቅም። ማንስ ይቆጥረዋል? ዕቃ አይደል፤ ቤት አይረሳ፣ ወድቆ አይሰበር።

ማታ ስመለስ ጋዋኔን አውልቄ ብጠቀልለውም ፀጉሬና ቅንድቤ ላይ የቀረው የጠመኔ ብናኝ ያሳብቅብኛል። አንድ ቀን የታክሲው ረዳት መልስ ሲሰጠኝ አየት አደረገኝና፣ «እናት፣ ወፍጮ ቤት ነው እንዴ የሚሠሩት?» አለኝ።

«አዎ፤ እንደ አንተ ያለውን አስቸጋሪ ነው የምንፈጨው» አልኩት።

ታክሲው ሙሉ ሳቀ። ያኔ አፌ እንደ ልቤ ይታዘዘኝ ነበር። ዛሬ ይህን የምነግራችሁ ከዚያ በተረፈችኝ ሻካራ ድምፅ ነው፤ አልሰሳትም፣ አላባክናትምም።

ድምፄ ትልቅ ነበር። ክፍላችን ውስጥ ለሁለት ልጅ በተሠራ ዴስክ ላይ ሦስትም አራትም ተጣበው ይቀመጣሉ። በመስኮቱ በኩል የታክሲ ረዳቶች «ጀሞ! ጀሞ!» ይላሉ። ከጀርባችን አልቆ የማያውቅ ሕንፃ አለ፤ የሲሚንቶ ማቡኪያው ሲያጓራ ይውላል። እኔ ይህን ሁሉ አሸንፌ ነበር የማስተምረው። ከጎኔ ባለው ክፍል የሚያስተምረው የፊዚክስ መምህር፣ «አንቺ ባለሽበት የእኔም ልጆች ሒሳብ ነው የሚማሩት» እያለ ይወቅሰኛል። ቁጣዬም ስም አለው። ዓይኑን የጨፈነ ልጅ ካየሁ የጠመኔ ቁራጭ እወረውራለሁ፤ ስቼም አላውቅ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልንገራችሁ፣ ኋላ ያስፈልገናል። የእኛ ልጆች መጽሐፋቸው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሰሌዳው ላይ የምንጽፍላቸውም በእንግሊዝኛ ነው። ማስረዳቱ ግን በአማርኛ ነው፣ በአፍ። ሰሌዳው ላይ ያለውን ሁሉም ይገለብጠዋል። የሚገባቸው መምህሩ ዞር ብሎ «አያችሁ ልጆች፣ ይሄ ማለት እኮ...» ሲላቸው ነው። ሌላም ሁላችንም ተምረን ያደግንበት ልማድ አለ። መምህሩ ዓረፍተ ነገሩን ይጀምርና ጫፉ ላይ ያንጠለጥለዋል፤ ክፍሉ በአንድ አፍ ይጨርሰዋል። «ከክቡ መሐል እስከ ጠርዙ ያለው ርቀት የትም ብንለካው...?» «እኩል ነው!» ሥልጠና ሊሰጡን የሚመጡ ሰዎች ይህን ልማድ አይወዱትም፤ በቀቀን ማሠልጠን ነው ይላሉ። እኔም እውነታቸውን ነው እል ነበር።

ድምፄ መጀመሪያ ጎረነነ። ጉንፋን ነው ብዬ ዝንጅብል በማር ጠጣሁ፣ ዳማከሴ አሸተትኩ፣ ጎረቤቶቼ ያዘዙልኝን ሁሉ አደረግሁ። አንድ ዓርብ ማታ ከሥራ ስመለስ፣ ታክሲው መውረጃዬ ጋ ሲደርስ «ወራጅ አለ!» ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር። ደግሜ ሞከርኩ፤ ምንም። ታክሲው መውረጃዬን አልፎ ሄደ፣ እኔም አፌን እንደ ከፈትኩ አብሬው ሄድኩ። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል የሚሉት ነገር የገባኝ እዚያ ወንበር ላይ ነው። ከሰው ተራ የወጣሁ መሰለኝ፤ በጣም ፈራሁ።

ቅዳሜ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ ጉሮሮዬን በቀጭን መሣሪያ አየችና ሥራዬን ጠየቀችኝ። በጣቴ አየር ላይ የጻፍኩ አስመሰልኩ። ገባት፤ አዘነችም። ድምፅ የሚያወጣው ቦታ አብጦ ቆስሏል፣ እኔ እስክፈቅድልዎ አንድ ቃል እንዳይናገሩ አለችኝ። ሹክሹክታም ክልክል ነው። «ዝም ካሉ የመመለስ ዕድል አለው። ከተናገሩበት ግን ላይመለስ ይችላል፣ አልዋሽዎትም» አለችኝ።

ሰኞ በጠዋት፣ ሰልፍ ሳይጀመር፣ የሐኪሟን ወረቀት ይዤ ዳይሬክተራችን ቢሮ ገባሁ። ደግ ሰው ናቸው። ወረቀቱን አንብበው ግንባራቸውን አሹ።

«ይረፉ እንግዲህ። ዕቃ ግምጃ ቤት ሰው ያስፈልገናል። ለመምህራኑ ጠመኔና ዳስተር እያደሉ ይቆዩ። ከተሻለዎት ይመለሳሉ።»

እኔ ለሌላ ሰው ጠመኔ ላድል! ከግምጃ ቤት የተመለሰ መምህር ደግሞ አይቼ አላውቅም። ሰው አንዴ ከክፍል ከወጣ ቦታው ይሸፈናል፣ ልጆቹ ሌላ ይለምዳሉ፣ ያለቀ ጉዳይ ነው። እስክሪብቶዬን አውጥቼ የወረቀቱ ጀርባ ላይ «ከክፍሌ አይንቀሉኝ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ሌላ የምጽፈው አልመጣልኝም።

«የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ናቸው፤ ፈተና አለባቸው» አሉኝ። «እንዴት አድርገው ሊያስተምሯቸው ነው? እሺ፣ እስቲ ይሞክሩት። ካልሆነ ግን ይቅርታ ያድርጉልኝና ሌላ መምህር አስገባለሁ።»

ልጆቹ ሰልፍ ላይ እንዳሉ ወደ ክፍሌ ገባሁ። ሰሌዳው ላይ በቢጫ ጠመኔ፣ በትልቁ፣ «ድምፄ ታሟል። ሐኪም እንዳልናገር ከልክላኛለች። እየጻፍኩ አስተምራችኋለሁ» ብዬ ጻፍኩ። አንብበው ይጠብቁኛል ብዬ ነው።

በዚያ ክፍል ግን አንዲት ልጅ አለች። ሰሌዳ የሚጠርግ ተረኛ በየሳምንቱ መቀያየር ሲገባው፣ እሷ ተረኝነቱን ለራሷ አድርጋዋለች። ዳስተሩን ቤቷ ወስዳ አጥባ ታመጣዋለች። የጠመኔ ጭረት ካየች ያማታል። መምህር ከመግባቱ በፊት ሰሌዳው ጥቁር ብሎ መቆየት አለበት፤ የእሷ ሕግ ነው። ከሰልፉ ከሌሎቹ ቀድማ ገብታ ያን ማስታወቂያዬን ከላይ እስከ ታች ሙልጭ አድርጋ ጠረገችው። አንድም ሰው አላየውም።

እኔ ይህን አላወቅሁም። ገባሁ። እንደ ወጉ ሁሉም ብድግ ብለው «እንደምን አደሩ፣ ቲቸር!» አሉ። ራሴን ዝቅ አድርጌ እጅ ነሣሁና ዞር ብዬ ሰሌዳውን በጠመኔ ሁለት ጊዜ ኳ፣ ኳ አደረግሁት፤ ተቀመጡ ማለቴ ነው። እየተያዩ ተቀመጡ። ኮምፓሴን ላነሳ ወደ ማዕዘኑ ዞርኩ፤ ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚቆመው። የለም። ማዕዘኑን አየሁ፣ ልጆቹን አየሁ። «የታል?» ማለቴ ነበር። ሁሉም ወደ ዴስኩ አቀረቀረ። ከዘንቢሌ ሲባጎ አወጣሁ፤ አንዱን ጫፍ በአውራ ጣቴ ሰሌዳው ላይ ይዤ በሌላው ጫፍ ጠመኔ አስሬ ክቤን ሣልኩ።

ያን ቀን የሆነውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ክፍሉ እንደዚያ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ረዳቶቹ ውጭ እየጮኹ፣ ማቡኪያው እያጓራ፣ ከሁሉም በላይ የሚሰማው የጠመኔው ድምፅ ነበር። ሲያርፍ ኳ ይላል፤ መስመር ሲስብ ይንሾካሾካል፤ ነጥብ ሲያደርግ ጠብ ይላል። ጠመኔ ይዤ ኖሬ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም ነበር ለካ! ሁልጊዜ በላዩ እኔ እናገርበት ነበር። ቆም ብዬ እጄ ላይ ያለችውን ነጭ ቁራጭ አየኋት፤ አዲስ ፍጡር ነው የመሰለችኝ። ልጆቹ አዝነውልኝ ነው እንዲህ ጸጥ ያሉት ብዬም አሰብኩ።

አዝነው አይደለም። ዓርብ እኔ ከወጣሁ በኋላ ሁለት ልጆች ኮምፓሱን ጎራዴ አድርገው ሲጫወቱበት አንድ እግሩ ተሰብሯል። ስብርባሪውን ኋላ ዴስክ ሥር ደብቀውታል። እንግዲህ በነሱ ዓይን እዩት። ቁጣዋ የታወቀ መምህር ሰኞ ትገባለች። ሰላምታ በአፏ አትመልስም። ኮምፓሱ የነበረበትን ማዕዘን ታያለች፤ ከዚያ እነሱን አንድ በአንድ ታያለች፤ ምንም አትልም። ማክሰኞም ምንም አትልም። ረቡዕም። ጠመኔ እንኳ አትወረውር። በእኛ አገር ደግሞ ትልቅ ሰው ሲቆጣ ይበርዳል ተብሎ ይጠበቃል፤ ሲያኮርፍ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለኩርፊያ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ሽማግሌ መላክ።

ረቡዕ በእረፍት ሰዓት የመምህራን ማረፊያ ቁጭ ብዬ ሻይ ስጠጣ በሩ ተንኳኳ። ሦስት ልጆች ገቡ። አንደኛዋ የክፍል አለቃዋ ናት። ሁለተኛዋ ሰሌዳ ጠራጊዋ። ከፊታቸው የቆመው ረጅሙ ልጅ ነው፤ ከለቡ ወዲያ ከጥንት ጀምሮ ሲያርሱ ከኖሩ ቤተሰቦች የመጣ፣ አያቱ በአካባቢው ዕርቅ ላይ የሚቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። ከትምህርት ቤቱ ጥበቃ ተውሶ ዩኒፎርሙ ላይ ጋቢ ደርቧል። ዱላም ተደግፏል።

«ጤና ይስጥልን» አለ፣ ድምፁን እንደ አያቱ ወፈር አድርጎ። «ቲቸር፣ ሽማግሌ ሆነን ነው የመጣነው።»

የፊዚክስ መምህሩን ሻዩ ትን አለው። እኔ ወንበሮቹን አሳየኋቸው።

«አንቀመጥም» አለ ልጁ። «የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም ሽማግሌ አይቀመጥም። ልጆችዎ አጥፍተዋል። ልጅ ያጠፋል፣ ትልቅ ይቅር ይላል። ቢቆጡን ይሻለን ነበር። ጠመኔ ቢወረውሩብን ይሻለን ነበር። ዝምታዎ ግን ከበደን። ያለቀሰ አለ። እራቱን ያልበላም አለ።»

«እሱ ራሱ ነው ያልበላው» አለች የክፍል አለቃዋ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ልጁ እንዳልሰማ ሆነና የተደገፈውን ዱላ በሁለት እጁ አቀረበልኝ። ዱላ አይደለም። የኮምፓሴ እግር ነው።

ሳቅም ልቅሶም በአንድ ጊዜ መጣብኝ፤ ሁለቱም ክልክል ነበሩ። የጋዋኔን ኮሌታ ነክሼ እስኪያልፍልኝ ጠበቅሁ። ከዚያ አንድ ወረቀት ቀደድኩና ጻፍኩ፤ የክፍል አለቃዋ ጮክ ብላ አነበበችው። «ይቅር ብያለሁ። ግን አልተቆጣሁም። ድምፄ ታሞ ነው። ሰኞ ሰሌዳው ላይ ጽፌላችሁ ነበር እኮ።»

ልጆቹ ተያዩ፤ ከዚያ ሁለቱም ቀስ ብለው ሰሌዳ ጠራጊዋን አዩአት። አፏን በእጇ ያዘች።

«ቢጫ ጽሑፍ ነበር» አለች። «ጠረግሁት። የሚጠረግ ነገር አላነብም፣ ቲቸር። ካነበብኩት መጥረጉ ያሳዝነኛል።»

አለቀሰች። ተነሥቼ አቀፍኳት፤ ሌላ የምናገርበት ነገር አልነበረኝም። ያኔ ተቀመጡ። ረጅሙ ልጅ ግን ሥራውን አልጨረሰም ነበር፤ እንደገና ብድግ አለና «ምርቃት አይቀርም» አለ። «እግዚአብሔር ድምፅዎን ይመልስልዎ። እስኪመለስ ደግሞ በእኛ ድምፅ ይጠቀሙ።»

እዚያ ቤት ያለው መምህር ሁሉ፣ ሲስቅ የነበረው ሳይቀር፣ «አሜን» አለ። እኔ በልቤ ብቻ አልኩ።

ልጁ ያለውን ለአፍ ያህል ያለው መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ክፍል ገብቼ የመጽሐፉን በነጭ ጠመኔ ጻፍኩ። ከዚያ ባለ ቀለም ጠመኔዎቼን አየሁና አንድ ነገር ታየኝ። ቢጫውን አነሳሁ፤ ከእንግሊዝኛው ሥር በአማርኛ፣ እንደምናገረው አድርጌ፣ «አያችሁ ልጆች፣ ይሄ ማለት እኮ» ብዬ ጻፍኩና ሰሌዳውን አንድ ጊዜ ኳ አደረግሁት።

«አያችሁ ልጆች፣ ይሄ ማለት እኮ» አሉ ሁሉም በአንድ አፍ።

ያነበቡት እንደ ጽሑፍ አይደለም። በእኔ ዜማ ነው ያሉት፤ «እኮ»ዋን እንደ እኔ ጎትተው፣ «ልጆች» ላይ እንደ እኔ ዝቅ ብለው። ከሐኪም ቤት ከወጣሁ ጀምሮ ድምፄ የት ሄደ እያልኩ ሌሊት ጣራ ሳይ ነበር የማድረው። የትም አልሄደም፣ እነሱ ዘንድ ነበር። ሳስተምራቸው በኖርኩበት ጊዜ ሁሉ ሲወስዱት፣ ሲያስቀምጡት ኖረዋል፤ እኔ አላወቅሁም፣ እነሱም አላወቁም። ሰሌዳውን ይዤ ቆምኩ። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ይደረጋል? እያልኩ ነበር።

ከዚያ በኋላ እንዲህ ሆነ ሥራችን። ነጩ ለመጽሐፉ ቋንቋ፣ ቢጫው ለእኛው ቋንቋ። ቀዩ «ተጠንቀቁ፣ እዚህ ላይ ትሳሳታላችሁ» ነው። ኳ አንድ ጊዜ ከሆነ በሉ፤ ሁለት ጊዜ ከሆነ ተቀመጡ፤ ዳስተሩ ጠረጴዛ ላይ ከተመታ ማን ነው ኋላ የሚያወራው ማለት ነው፣ ብናኙ ራሱ ፊት ያሉትን ያስነጥሳቸዋል። ዓረፍተ ነገሩን በቢጫ ጀምሬ ጫፉን ባዶ እተወዋለሁ፤ እነሱ ይጨርሱታል። አንዳንዴ ሁለት ዓይነት አጨራረስ ይመጣል፤ ግማሹ አንድ ይላል፣ ግማሹ ሌላ። ያኔ ክርክር ይነሣል። እኔ ጠመኔዬን ይዤ ግድግዳ ተደግፌ እሰማለሁ። በድምፄ ዘመን እንዲህ ሲከራከሩ ሰምቼ አላውቅም፤ መልሱን እኔ ቀድሜ እነግራቸው ነበርና። ያ በቀቀን ማሠልጠን የተባለው ልማድ በአንድ ጊዜ ምን እንደ ሆነ እኔ እንጃ። በቀቀን ግን አልነበረም።

በሳምንቱ ደግሞ ኮምፓስ ተሠርቶ መጣ። ሰባሪዎቹ ለቡ አካባቢ ከሚሠሩ ሕንፃዎች የተጣለ ሞራሌ እንጨት ለምነው፣ ራሳቸው ልገው፣ በብሎን አጋጥመውታል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደሚባለው፣ በደንብ አስበውበታል። መጠኑን ብቻ አላሰቡትም። ቆሞ ትከሻዬ ይደርሳል። ሁለት ልጆች ተሸክመው ሲያስገቡት ክፍሉ በሳቅ ሊፈርስ ነበር። ልሞክረው ብዬ አንዱን እግር ሰሌዳው መሐል ተከልኩና አዞርኩት። ጠመኔው ሰሌዳውን ጨርሶ ግድግዳው ላይ ወጣ። ላቆመው ነበር፤ አላቆምኩትም። በግድግዳው ዞሮ፣ ከሰሌዳው በታች አልፎ፣ በወዲያኛው ግድግዳ ተመልሶ መነሻው ጋ ደረሰና ገጠመ።

ሳቁ ቆመ። በሕይወቴ ክብ ሥዬ አልጠግብም፤ እንደዚያ ያለ ክብ ግን አላየሁም። ሰሌዳው ራሱ ክቡ ውስጥ የገባ ትንሽ ነገር ሆነ። በቢጫ «ከመሐሉ እስከ ጠርዙ የትም ብንለካው...» ብዬ ጻፍኩ። «እኩል ነው» አሉ፣ እንደ ወትሮው ጮኸው ሳይሆን ቀስ ብለው፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳለ ሰው። ኋላ ጠራጊዋ ሰሌዳው ላይ ያለውን ብቻ ጠረገች፤ ግድግዳው ላይ ያለውን አልነካችውም።

ትምህርት ቤት ውስጥ ወሬ አይደበቅም። ዳይሬክተራችን ሌላ መምህር እያፈላለጉ ነው የሚለውን ልጆቹ ከእኔ በፊት ሰምተውታል። እሳቸውን አልፈርድባቸውም። በኮሪደሩ ሲያልፉ የሚሰሙት የልጆች ጫጫታ ነው፤ የመምህር ድምፅ የለም። ፈተናው እየቀረበ ነው። አንድ ጠዋት ክፍል ቆሜ ሰሌዳው ላይ ምንም ሳልጽፍ በሩ ተከፈተ። ዳይሬክተሩ ከአንድ ወጣት ጋር ገቡ። ወጣቱ አዲስ ጋዋን ለብሷል፤ እጥፋቱ እንኳ አልለቀቀም። የሚሆነው ገባኝ። ጠረጴዛውን ያዝኩ።

ልጆቹ እንደ ወጉ ብድግ አሉ።

«ልጆች፣ መምህራችሁ እስኪድኑ ማረፍ አለባቸው» አሉ ዳይሬክተሩ። «ከዛሬ ጀምሮ ሒሳብ የሚያስተምሯችሁ እኚህ ናቸው።» ከጠረጴዛው ላይ ነጭ ጠመኔዬን አንስተው የወጣቱን ስም ሰሌዳው ላይ ጻፉ። «ቁጭ በሉ።»

ማንም አልተቀመጠም።

«ቁጭ በሉ እንጂ!»

ከኋላ ረጅሙ ልጅ ተናገረ፤ ጋቢ የለውም፣ ዱላም የለውም። «አንቀመጥም፣ ቲቸር። ሽማግሌ ነን።»

«ሁላችሁም?»

«ሁላችንም። ቲቸርን አይውሰዱብን። እሺ ካላሉን አንቀመጥም።»

ዳይሬክተሩ ፊታቸው ቀላ። ከዚያ ግን ቁጣውን ዋጡት። «የእናንተን ፍቅር አልካድኩም» አሉ። «ግን ማን ያስረዳችኋል? ስትወድቁ ማን ይጠየቃል?»

«ይጠይቁን» አለች የክፍል አለቃዋ።

ዙሪያቸውን አዩና ጣታቸውን ግድግዳው ላይ ወዳለው የክቡ ቅሪት ቀሰሩ። «ይሄ ምንድን ነው?»

እኔ አንድ ጊዜ እንኳ ኳ አላደረግሁም። ያ ሁሉ ልጅ፣ እንደ ቆመ፣ «አያችሁ ልጆች፣ ይሄ ማለት እኮ...» ብሎ ጀመረ። በእኔ ዜማ፣ በእኔ አጎታተት፣ አንዱ የጣለውን ሌላው እያነሣ፣ ከመሐሉ እስከ ጠርዙ፣ ጠርዙን እስከሚነካው መስመር፣ የት ላይ ሰው እንደሚሳሳት ሳይቀር አስረዱ። የክፍሉን መስኮት የሞላው የእኔው የድሮ ድምፄ ነበር። ረዳቶቹ አልተሰሙም፤ ማቡኪያውም አልተሰማ። ወጣቱ መምህር አፉን ከፍቶ ይሰማል። እኔ አለቀስኩ፣ አላፈርኩበትምም።

ሲጨርሱ ዳይሬክተሩ፣ «እሺ፤ እስቲ መጀመሪያ ቁጭ በሉ» አሉ፣ አሁን በለዘበ ድምፅ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ወደ እኔ ዞሩ። ምን ላድርግ እንደሚል ሰው እጃቸውን ዘረጉ።

ዞሬ ሰሌዳውን በጠመኔ መታሁት። ኳ፣ ኳ።

ዴስኮቹ በአንድ ጊዜ ተንቋቁ። ሁሉም ተቀመጠ፤ ከአንዷ በቀር።

ሰሌዳ ጠራጊዋ ከቦታዋ ወጥታ ዳስተሩን አነሣች። ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ሰሌዳው ጥቁር መሆን አለበት። ስሙ ጋ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ። ቀስ ብላ፣ ከናፍሯን እያንቀሳቀሰች፣ አነበበችው። ወደ ወጣቱ ዞረችና «ይቅርታ፣ ቲቸር» አለችው። ከዚያ ጠረገችው።

ዳይሬክተሩ ወጣቱን በትከሻው ይዘው ወጡ፤ በሩንም ድምፅ እንዳያሰማ አድርገው ዘጉት። እኔ ቢጫውን ጠመኔ አነሣሁ።